«ከ5 ዓመት በኋላ ራስሽን የት ታያለሽ?» ሲሉኝ ምን ልበል?

የማራኪዋ ልጅ፦
ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የምኖረው ጎንደር ነው። አካውንቲንግ ተመርቄያለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። አንድ የግል ባንክ የጽሑፍ ፈተናውን አልፈሻል ብሎ ደውሎልኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እዚሁ ፒያሳ ለኢንተርቪው እቀርባለሁ። የሒሳቡ ጥያቄ አያስፈራኝም። የሚያስጨንቀኝ ያ «የወደፊት ዕቅድሽ ምንድን ነው?» የሚሉት ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ውሎ አድሮ የራሴን የሒሳብ ሥራ ቢሮ መክፈት እፈልጋለሁ። ሐምሌ ሲገባ የቅዳሜ ገበያ ነጋዴዎች የዓመት ደረሰኛቸውን በፌስታል ይዘው፣ የግብር ሒሳብ የሚሠራላቸው ሰው ሲያፈላልጉ እያየሁ ነው ያደግኩት። አባቴም ከነሱ አንዱ ነው። ግን ይህን ብናገር «ይቺማ ነገ ጥላን ትሄዳለች» አይሉም? ጓደኞቼ «ማናጀር መሆን እፈልጋለሁ በይና ተገላገይ» ይሉኛል። መዋሸት ደግሞ አልችልበትም፤ ፊቴ ላይ ያስታውቃል። ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ነባር ባንከር፦
እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ባንክ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ኢንተርቪው የሚያደርገው ኮሚቴ ውስጥም ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ጠያቂው በሆዱ ምን እንደሚል ልንገርሽ።

ይቺን ልጅ ባሠለጥናት ትቆይልኛለች ወይ? ይህን ሥራ አውቃው ነው የመጣችው ወይ? የሚያሳስበው ይኸው ነው። አዲስ ሰው መስኮት ላይ ተቀምጦ ሰልፉን ሲያስተናግድ ውሎ፣ ማታ ካሹን ከሲስተሙ ጋር አመሳክሮ ያለ ስህተት እስኪዘጋ ድረስ ወራት ይፈጃል። በዓመቱ ከለቀቀ ቅርንጫፉ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።

«ማናጀር መሆን እፈልጋለሁ» የሚለውን ቀኑን ሙሉ ስንሰማው ነው የምንውለው። እኔ ሁልጊዜ «ማናጀር ምን ምን ይሠራል?» ብዬ አስከትላለሁ። አብዛኛው ልጅ እዚያ ላይ ዝም ይላል።

አንድ የመተማ ልጅ ግን እስካሁን አልረሳውም። «የሰሊጥ ነጋዴዎችን ብድር የሚያጠና ባለሙያ መሆን እፈልጋለሁ» አለን። ለምን አልነው። አጨዳው መስከረምና ጥቅምት ላይ ይደርሳል፤ ያኔ ለጉልበት ሠራተኛውም ለግዥውም ጥሬ ብር በአንድ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ብሩ የሚመለሰው ደግሞ ሰሊጡ ሲሸጥ ነው አለ። «ለእንዲህ ያለ ሰው ወር በወር ክፈል ቢሉት ይቸገራል፤ መክፈያው ከሽያጩ ጋር ቢሄድ ባንኩም አይጎዳም» ብሎ አስረዳን። አንድም የሥልጣን ስም አልጠራም። ኮሚቴው በሙሉ ወረቀቱን ትቶ እሱን ማየት ጀመረ።

አንቺም እንዲህ ያለ ነገር በእጅሽ አለ፤ ከላይ ጽፈሽዋል እኮ! ደረሰኙን በፌስታል የሚይዝ ነጋዴ ብድር ሲጠይቅ የሚያሳየው የተደራጀ ሒሳብ የለውም። ሥራው ትርፋማ ቢሆንም በወረቀት ማስረዳት አይችልም። «ብድር ክፍል ገብቼ የእንዲህ ያሉ ደንበኞችን ሒሳብ ማንበብና ማስተካከል የምችል ባለሙያ መሆን እፈልጋለሁ» ብትይ እውነትሽን ነው፤ ባንኩም የሚፈልገው እሱን ነው። ቢሮ መክፈቱ ሩቅ ስለሆነ ካልጠየቁሽ ማንሳት የለብሽም። በቀጥታ ከጠየቁሽ ግን እንዳትክጂ። «ሐሳቡ አለኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ሙያውን እዚህ በደንብ መሥራት እፈልጋለሁ» በይ።

ጎሃ ሥር፦
እኔ ሆቴል ነው የምሠራው። እኛ ጋም ይህን ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ በተለይ ከጥምቀት በፊት ሲቀጥሩ። ጥር 11 ከተማው በእንግዳ ሲጥለቀለቅ ሠራተኛ እንዳይጠፋባቸው ነው የሚፈሩት።

ጋሼ ባሉት እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ባንክ ጎንደር ፈትኖ ደባርቅ ወይም አይከል ሊመድብ ይችላል። «የትም ብትመደቢ ትሄጃለሽ?» ማለታቸው አይቀርም። ይህን ቀድመሽ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሪበት። እዚያ ሄደሽ «እስቲ አስብበታለሁ» ካልሽ የአምስት ዓመቱ ዕቅድ ዋጋ የለውም።

የማራኪዋ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ! አይከል አክስቴ አለች፤ እቤትም ደስ ብሏቸዋል። ጋሼ፣ እንዲህ ብል እንዴት ነው? «በመጀመሪያው ዓመት የመስኮት ሥራውን ጠንቅቄ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከዚያ ብድር ክፍል ገብቼ የአነስተኛ ነጋዴዎችን ሒሳብ ማጥናት። ጎን ለጎን ኤሲሲኤ (ዓለም አቀፉን የሒሳብ ሙያ ማረጋገጫ) ተምሬ በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ።»

ነባር ባንከር፦
የፊተኞቹ ሁለቱ እንዳሉ ይቆዩ። የመጨረሻዋን ቀይሪያት። ኤሲሲኤ 13 ፈተና ነው። በዲግሪሽ የተወሰነው ቢቀነስልሽም፣ ከባንክ ሥራ ጋር በሁለት ዓመት ማለት ይከብዳል፤ ከጠያቂዎቹ አንዱ ራሱ እየተማረው ከሆነ ወዲያው ይይዝሻል። «የመጀመሪያውን ፈተና በዚህ ዓመት መውሰድ አስባለሁ» ይበቃል፤ እሱም ከልብሽ ካሰብሽው ብቻ።

ደግሞ ስለ ዘርፉ ትንሽ አንብበሽ ሂጂ። አዋጅ 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ስለዚህ «ውድድሩ ሲመጣ ባንካችን በምን ይበልጣል?» ሊሉሽ ይችላሉ። የአካባቢውን ነጋዴ ጠባይና ወቅት ማወቅ ከውጭ የሚመጣው ባንክ በአንድ ጊዜ የማያገኘው ነገር ነው። አንቺ ደግሞ ይህን ታውቂዋለሽ።

መልሱን በቃልሽ እንዳትሸመድጂው። ባንክ ለማያውቅ ሰው ጮክ ብለሽ ንገሪው፤ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ያቆመሽን ቦታ በሌላ ቃል ቀይሪው። ውጤቱን እዚሁ አሳውቂን።