«ባልደረባን መጠየቅ ሥራ መሸሽ ነው» ለተባለው

ብዕር፦ ትናንት በመመሪያ አዘጋጆች ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ፕሮግራሙ ሲያስቸግራችሁ አምራቹን ጠይቁ፤ ባልደረባን መጠየቅ ሥራ መሸሽ ነው» አሉን። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። አሥራ ሁለት ዓመት ሥራ ስሸሽ ነው የኖርኩት?

ሰሌዳ፦ እውነታቸውን ነው። ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ የማውጫው የገጽ ቁጥር ሲዛባ ባልደረባህ «በእጅህ ጻፈው» ይልሃል። በማግስቱ ሁለት ገጽ ሲጨመር ሁሉም ይፋለሳል። የአምራቹ መመሪያ ግን ርዕሶቹን በርዕስ ስታይል አዘጋጅና ማውጫውን አድስ ይልሃል። ኤፍ 9 ተጫን፤ አለቀ።

ብዕር፦ እሱን ማን ያጣዋል? በፓወር ግዕዝ፣ በዚያ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ የተጻፈ የጄኔሬተር መመሪያ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ስከፍት ገጹ ሁሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆነብኝ። ለአምራቹ ጻፍኩ። «ፕሮግራሙን አጥፍተው እንደገና ይጫኑ» አሉኝ። ጫንኩ፤ ያው ነው። ነገሩን የገለጠችልኝ ከጎኔ የምትቀመጠው የጽሕፈት ሠራተኛ ናት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ የቀድሞዎቹ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱን ኒያላን ወደመሰለ የዩኒኮድ ፎንት ብትቀይረው ምንም አታተርፍም፤ ጽሑፉ ራሱ መለወጥ አለበት።

ማኅተም፦ ማንንም ጠይቁ፤ የደንበኛውን ሰነድ ግን ኢንተርኔት ላይ ሕዝብ ፊት አትዘርጉ። ገና ለገበያ ያልቀረበ ማሽን ሥዕል ከነመለኪያው ተለጥፎ አይቻለሁ። ችግሩን ብቻ የሚያሳይ አንድ ገጽ ፋይል ሥሩ። የላቴክ (ሰነድ በትእዛዝ ጽሑፍ የሚዘጋጅበት ፕሮግራም) ሰዎች ያለዚያ መልስም አይሰጡም።

ቀለም፦ ዘንድሮ ሰው መጠየቅ ለምን አስፈለገ? ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለላችሁ።

ሰሌዳ፦ እሱ «እዚህ ምናሌ ውስጥ ግባ» ያለኝን ግማሽ ቀን ፈለግሁ፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ጭራሽ የለም። የፕሮግራም ጸሐፊዎች መጠያየቂያ ድረ ገጽ የሆነው ስታክ ኦቨርፍሎው በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የቻት ጂፒቲን መልሶች ያገደው ስሕተት ስለበዛባቸው ነው።

ቀለም፦ የፕሮግራሙን ስሪት ነግረኸዋል?

ሰሌዳ፦ ነግሬዋለሁ። ብዕር፣ አሠልጣኙ «ሥራ መሸሽ» ያሉት መመሪያ ሳያነቡ የሚጠይቁትን ነው።

ብዕር፦ እንደዚያ አላሉም። «ባልደረባን» ነው ያሉት። ያቺ ሴት ሁለት ሰዓት ሙሉ ሥራዋን አቁማ ከእኔ ጋር ተቀምጣለች!

ሰሌዳ፦ የእርሷን ሥራ ማን ሠራላት?

ብዕር፦ እኔ! እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ደብዳቤዎቿን ስጽፍላት አመሸሁ።

ማኅተም፦ ብዕር፣ ጽሑፉን በምን እንደለወጠችው ጠይቅልኝ። እኔም ዘንድ በዚያው ፎንት የተጻፈ ሁለት ካርቶን ሲዲ ተቀምጧል።