አሮጌ ሞተርሆም፦ የሚያንጠባጥቡ የውሃ ማፍሰሻ ቫልቮች ይጠገናሉ ወይስ ይቀየራሉ?

ጠያቂ (ኮሎራዶ)፦

ሰላም ወገኖች። መኪናዬ የ1991 ሞዴል ክላስ ሲ ሞተርሆም (ውስጡ የሚኖርበት የመኪና ቤት) ነው። ከወለሉ ሥር ሦስት የውሃ ማፍሰሻዎች አሉት፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ከቀዝቃዛውና ከሙቁ መስመር ይወርዳሉ፣ አንዱ ከ40 ጋሎኑ የንጹሕ ውሃ ታንከር ይወጣል። ሦስቱም በጣት የሚዞር ክንፍ ያላቸው ትንንሽ የፕላስቲክ መክፈቻዎች ናቸው። የውሃ መስመሩ ግራጫ ፕላስቲክ ነው።

የሙቁ መስመር መክፈቻ በሰከንድ አንዴ ገደማ ጠብ ይላል። ሁሉም ነገር ተዘግቶ እያለ ፓምፑ በየ4 ደቂቃው ለሁለት ሰከንድ ይነሳና ይጠፋል። የታንከሩ ማፍሰሻ ደግሞ ፓምፑ ቢጠፋም ዙሪያው እርጥብ ነው። ክንፎቹን አጥብቄ ባዞርም ለውጥ የለም። ጓርኒሲዮን ብቻ ቢቀየር ይበቃል ወይስ ሙሉውን ልንቀለው? ምን ምን ልግዛ? ከበረዶው በፊት መጨረስ እፈልጋለሁ።

የቧንቧ ሰው (ሜሪላንድ)፦

ወንድሜ፣ ከዚህ በኋላ ክንፉን አታጥብቀው። እንዲህ ያለ መክፈቻ በጉልበት አይዘጋም። ውስጡ ያለችው ጎማ ደርቃ ወይም መቀመጫዋ ላይ ነጭ የውሃ ጨው ጋግሮ ከሆነ፣ ባጠበቅክ ቁጥር ጎማዋን ትቆርጣታለህ፤ አለዚያም አንገቱ ይሰነጠቃል።

መጀመሪያ ውሃው በትክክል ከየት እንደሚመጣ ለይ። መክፈቻውንና በላዩ ያለውን ቧንቧ በጨርቅ አድርቅ፣ መጋጠሚያው ዙሪያ ደረቅ ሶፍት ጠቅልል፣ ፓምፑን አብራና በባትሪ መብራት እያየህ አሥር ደቂቃ ጠብቅ። ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከአፉ ከወጣ ችግሩ መቀመጫው ላይ ነው። ከክንፉ ሥር ካዘለ ኦሪንጉ (ቀለበት ጎማው) ነው። ሶፍቱ ከረጠበ ግን መክፈቻው ምንም ጥፋት የለበትም፤ የሚያፈስሰው ፊሌቱ (እየዞረ የሚገባው ጥርስ) ወይም ከቧንቧው ጋር የተያያዘበት ቦታ ነው፣ ስለዚህ አዲስ ቫልቭ ብትተክልም ያው ነው። ውሃ ቧንቧውን ይዞ ወርዶ ጫፉ ላይ ስለሚጠራቀም፣ ጠብታው የሚወድቅበትን ቦታ ብቻ አይቶ መፍረድ ያሳስታል።

የፓምፑ መነሳት ጥሩ ምልክት ሰጥቶሃል። ግፊት ካለው መስመር ውሃ እየወጣ ነው ማለት ነው። ሁለቱ የመስመር ማፍሰሻዎች ፓምፑ እስኪቆም ድረስ ከ45 እስከ 55 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ይሸከማሉ። የታንከሩ ማፍሰሻ ግን ከፓምፑ በፊት ስለሆነ የሚያርፍበት የውሃው ከፍታ ብቻ ነው፤ በአንድ ጫማ ከፍታ 0.43 ፒኤስአይ። ስለዚህ የመስመሮቹንና የታንከሩን እንደተለያየ ሥራ ያዛቸው።

ጎማ ቀይሮ ማዳን ይቻላል ወይ ላልከው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለቆየ ፕላስቲክ አልመክርም። ስትፈታው ፊሌቱ ተበጥሶ በውስጥ ይቀራል፣ ያኔ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ሁለቱን የመስመር ማፍሰሻዎች በሩብ ዙር በሚዘጋ የነሐስ ቦል ቫልቭ (ውስጡ ቀዳዳ ያለው ኳስ ያለበት) ቀይራቸው። የምትገዛው ይህ ነው፦ 1/2 ኢንች ቦል ቫልቭ ሁለት፣ ቧንቧውን ወደ 1/2 ኢንች ወንድ ፊሌት (ጥርሱ በውጭ ያለ) የሚለውጥ ማያያዣ ሁለት፣ በቫልቩ አፍ ላይ የሚገባ 1/2 ኢንች ማሸጊያ ክዳን ሁለት፣ ቴፍሎን (ፊሌት ላይ የሚጠቀለል ቴፕ)፣ የፕላስቲክ ቧንቧ መቁረጫ። ቫልቩ ላይ ከእርሳስ ነጻ የሚል ምልክት ፈልግ። አሜሪካ ውስጥ ከጥር 2014 ጀምሮ ለመጠጥ ውሃ የሚሸጥ ዕቃ ውሃ በሚነካው በኩል ያለው የእርሳስ መጠን በአማካይ ከ0.25 በመቶ እንዳይበልጥ ሕግ አለ፤ ከአሮጌ ሳጥን ውስጥ የተገኘ ቫልቭ ይህን ላያሟላ ይችላል።

ግራጫው ቧንቧ ላይ ግን ተጠንቀቅ። በዚያ ዘመን የነበረው ፖሊቡቲሊን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ጎኑ ላይ ፒቢ2110 የሚል ጽሑፍ ካየህ እሱ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከገበያ ወጥቷል። የውጭ ስፋቱ ፔክስ ከሚባለው የዛሬው የፕላስቲክ ቧንቧ ጋር እኩል ነው (የግማሽ ኢንቹ 5/8 ኢንች ይለካል)፣ የውስጡ ግን ትንሽ ሰፋ ይላል። የፔክስ ማያያዣ ብታስገባበት ልል ሆኖ ይገባል፤ ቀለበቱን ጨምቀህ ብታስረውም አንድ ቀን ይለቃል። ሱቅ ገብተህ «ከፖሊቡቲሊን ወደ ፔክስ» ብለህ ጠይቅ። መጭመቂያ መሣሪያ ከሌለህ ፍሌር-ኢት የሚባለው በዳዶ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ማያያዣ ለሁለቱም ቧንቧ ይሆናል፣ ጠባብ ቦታም አይቸግረውም።

አሠራሩ፦ ፓምፑን አጥፋ፣ ከውጭ የገባውን የውሃ ጎማ ንቀል፣ ቦይለሩን (የውሃ ማሞቂያውን) በጋዝም በኤሌክትሪክም አጥፍተህ እስኪበርድ ጠብቅ። የሙቁ መስመር ማፍሰሻ ሲከፈት የሚመጣው የቦይለሩ ውሃ ነው፤ ያቃጥላል። ከዚያ የገንዳውን ሙቅና ቀዝቃዛ ክፈትና ሁሉም ይውረድ። ቧንቧውን በመቁረጫ ቀጥ አድርገህ ቁረጥ። በሴጌቶ አትቁረጠው፤ ፍርፋሪው ገብቶ የአዲሱን ቫልቭ ኳስ ይቧጭረዋል።

ቫልቩንና ማያያዣውን መሬት ላይ እያለህ አገጣጥማቸው፣ ቧንቧው ላይ ተንጠልጥለው አይደለም። ቴፍሎኑን የመጀመሪያውን ጥርስ ትተህ ፊሌቱ በሚዞርበት አቅጣጫ አራት ዙር ጠቅልል፣ በእጅ እስኪያቅትህ አስገባ፣ ከዚያ በሁለት ቁልፍ፣ አንዱ ይዞ ሌላው እያዞረ፣ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ዙር ጨምር። ቧንቧው ላይ ከተገጠመ በኋላ አዞራለሁ ብትል ጠማማ ጉልበቱ ወደ ላይ ሄዶ ወለሉ ውስጥ ያለውን የማታየውን መጋጠሚያ ይሰብረዋል። አሮጌ ሞተርሆም ላይ ትንሿን ጥገና ትልቅ የሚያደርገው ይሄ ነው።

ሙያተኛ (ዳላስ)፦

የቧንቧ ሰው ያለው ትክክል ነው። እኔ የታንከሩን ልጨምርልህ።

ታንከሩ ፖሊኢትሊን ነው። ፖሊኢትሊን ላይ ሲሊኮንም ሆነ ማንኛውም የተለመደ ማጣበቂያ አይይዝም። ለሁለት ሳምንት የዳነ ይመስልና ተገሽልጦ ይነሳል። የረጠበው ከፊሌቱ ከሆነ መፍትሔው ማጣበቂያ መቀባት ሳይሆን ፈቶ እንደገና ማሰር ነው።

መጀመሪያ ታንከሩን ሙሉ በሙሉ ባዶ አድርግ። 40 ጋሎን 150 ሊትር ነው፣ 150 ኪሎ። ቦታ መርጠህ አፍስስ። መኪናው ሥር ስትገባ ጎማዎቹን በታኮ ያዝ፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አትግባ። አሮጌውን ስታዞር ታንከሩ ላይ የተበየደውን አንገት በሌላ እጅህ ደግፈው። አንገቱ ከተሰነጠቀ ቫልቭ የሚያድነው የለም፣ ታንከሩ ወጥቶ በፕላስቲክ ብየዳ ይሠራል ወይም ይቀየራል።

የታንከሩ አፍ የሴት ፊሌት ነው፣ ብዙውን ጊዜ 3/8 ወይም 1/2 ኢንች፤ ለክተህ ግዛ። እዚያ የነሐስ ወንድ ፊሌት አትጨምር። ፊሌቱ ሾጣጣ ስለሆነ እየገባ በሄደ ቁጥር እንደ ሽብልቅ ፕላስቲኩን ይከፍተዋል። የፕላስቲክ ኒፕል (በሁለቱም ጫፍ የሚያያዝ አጭር ቧንቧ) አስገባ፣ በእጅ አጥብቀህ ግማሽ ዙር ወይም ቢበዛ አንድ ዙር ብቻ ጨምር። ከኒፕሉ ቀጥሎ 20 ሳንቲም ያህል የመጠጥ ውሃ ጎማ በክላምፕ አያይዝና ቫልቩን ጎማው ጫፍ ላይ አድርገው። ቫልቩን ራሱን በማሰሪያ ከሻንሲው ጋር እሰረው። ነሐሱ ከታንከሩ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ከቆየ፣ መንገድ ላይ በየጉድጓዱ ሲንገጫገጭ ያንኑ አንገት ያደክመዋል። አሁን የምታየው እርጥበትም በዚህ መንገድ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ሲደርቅ አንገቱን በመብራት መርምረው፤ ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር ካየህ ስንጥቅ ናት።

ለኦሪንግ የምትጠቀመው ቅባት ለመጠጥ ውሃ የሚሆን የሲሊኮን ግሪስ ይሁን። ቫዝሊን አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል።

ደግሞ ለሁሉም፣ ጠብታው ከቦይለሩ መሰኪያ እየተንሸራተተ የመጣ እንዳይሆን አረጋግጥ። ቦይለሩ ሰበርበን የሚባለው ምርት ከሆነ መሰኪያው አኖድ ዘንግ (ታንከሩን ከዝገት የሚጠብቅ ዘንግ) ያለበት 3/4 ኢንች ነው፤ አትውድ የሚባለው ምርት ከሆነ ታንከሩ አሉሚኒየም ነው፣ መሰኪያውም 1/2 ኢንች ናይለን። አትውዱ ላይ ብረት መሰኪያ አታስገባ፣ የአሉሚኒየሙን ፊሌት ይበላዋል። ሁለቱንም ከመፍታትህ በፊት የግፊት ማስተንፈሻውን ክፈት።

ጠያቂ (ኮሎራዶ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁለታችሁንም። እንዳላችሁት አየሁት፤ ቧንቧው ላይ ፒቢ2110 ይላል። በሙቁ መስመር ሶፍቱ ደረቅ ነው፣ ውሃው ከአፉ ነው የሚወጣው። በቀዝቃዛው ግን ሶፍቱ ከላይ ረጥቧል። ችግሩ ከወለሉ በታች የቀረው ቧንቧ 4 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ቆርጬ ማያያዣ ማስገባት የምችል አይመስለኝም። እንዲያው ክዳን ብቻ ብደፍንበትስ?

የቧንቧ ሰው (ሜሪላንድ)፦

ለጊዜው ክዳን ትችላለህ፣ ግን ለሙቁ ብቻ። የቀዝቃዛው ከመጋጠሚያው ነው የሚያፈስሰው፣ ክዳኑ ከዚያ በታች ስለሚሆን ምንም አያቆምም። በሰከንድ አንድ ጠብታ ማለት በቀን ከ4 ሊትር በላይ ነው፤ ውሃው ብዙ ባይመስልም በወለሉ ቀዳዳ በኩል ወደ እንጨቱ ከገባ ያበሰብሰዋል። ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን እንጨት በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ አድርገው። ከሰመጠ ሥራው ቧንቧ ብቻ አይደለም።

ለ4 ሳንቲሙ ከሥር አትታገል፤ ከላይ ሂድ። ማፍሰሻዎቹ የሚወርዱበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከገንዳው ሥር ካለው ካቢኔ ወይም ከአልጋው ሥር ነው። እዚያ ከቲው (ሦስት አፍ ካለው ማያያዣ) በታች ጤነኛውን ቧንቧ ቁረጥ፣ መለወጫ ማያያዣ አስገባ፣ ከዚያ ወደ ታች አዲስ የ1/2 ኢንች ፔክስ አውርድ። ለሙቁ ቀይ፣ ለቀዝቃዛው ሰማያዊ ግዛ፤ ከሥር ሆኖ መለየት ይቀልላል። ቫልቩን ካቢኔው ውስጥ ብታደርገው ደግሞ የተሻለ ነው። ከመንገድ ጭቃና ጠጠር ይድናል፣ ከወለሉ በታች የሚቀረው ባዶ ፔክስ ብቻ ይሆናል። ቀዳዳውን በመጨረሻ በፎም ድፈነው፣ አይጥ የሚገባው በዚያ ነው።

አሮጌውን ፖሊቡቲሊን ከመቁረጥህ በፊት በጣትህ ጫን አድርገው። ጎበጥ ብሎ ከተመለሰ ደህና ነው። ደርቆ ተሰባሪ ከሆነ ወይም ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ ትንሽ ወደ ላይ ሄደህ ቁረጥ።

ከሚኒሶታ፦

የበረዶውን ነገር ስላነሳህ፦ ቦል ቫልቭን ውርጭ የሚሰብረው ተዘግቶ ሲቀር በኳሱ ቀዳዳ ውስጥ በታሰረችው ትንሽ ውሃ ነው። ስትበርድ ታብጣለች፣ ገላውን ትሰነጥቃለች። ስለዚህ መስመሩን ካፈሰስክ በኋላ ቫልቮቹን ሁለት ሦስቴ ክፈት ዝጋ አድርገህ ክረምቱን በግማሽ ክፍት ተዋቸው፣ ክዳኖቹንም አውልቃቸው። በአየር የምትነፋ ከሆነ ከ40 ፒኤስአይ አታሳልፍ። ሮዙን የፕሮፒሊን ግላይኮል ፀረ-በረዶ የምትጠቀም ከሆነ ቦይለሩን በባይፓስ (ውሃውን በጎኑ በሚያሳልፈው መስመር) ዝለለው፣ ከሁለት እስከ ሦስት ጋሎን ይበቃሃል። የመኪና ራዲያተሩን አረንጓዴ ግን መርዝ ስለሆነ እንዳታስገባ።

ሙያተኛ (ዳላስ)፦

ሲያልቅ የምትፈትነው እንዲህ ነው። ታንከሩን ግማሽ ሙላ፣ ፓምፑን አብራ፣ አየሩ እስኪወጣ ሁሉንም ቧንቧ ክፈት፣ ከዚያ ዝጋ። ከሥር ደረቅ ካርቶን ዘርጋ፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ሶፍት እሰር። ፓምፑ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ማለት አለበት። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ፓምፑ ከተነሳ፣ በፓምፑ ውስጥ ያለው መመለሻ ከልካይ ቫልቭ ነው ውሃውን ወደ ታንከሩ የሚመልሰው፤ ማፍሰሻዎቹን ደግመህ አትፍታ። በዚህ ካለፈ በከተማ ውሃ ጎማም ሞክረው፣ ግን መቆጣጠሪያ አድርገህ ከ50 ፒኤስአይ በታች።

ከመጠጣትህ በፊት ለየ15 ጋሎኑ ሩብ ኩባያ ሽታ የሌለው በረኪና አስገብተህ በሁሉም ቧንቧ እስኪሸት አሳልፈው፣ ሌሊቱን አሳድረው፣ ጠዋት በአዲሶቹ ማፍሰሻዎች አውርደህ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቀው።