መቆለፊያውን እናጠንክር ወይስ ለከፈለው እንሥራ?

ጠያቂው፦ ሦስት ሆነን የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌር እንሸጣለን። ክራክ የተደረገው (ቁልፉ ተሰብሮ በነፃ የሚሰራጨው) ቅጂ ከኦሪጅናሉ በላይ ሳይወርድ አይቀርም። አሁን ሁለት ወር ጊዜ አለን። ላይሰንሱን (የከፈለ ብቻ እንዲጠቀም የሚያደርገውን ቁልፍ) እናጥብቅ ወይስ ከፋዮቹ የጠየቁትን እንሥራ? እኔ እናጥብቅ ባይ ነኝ።

ፕሮግራመሩ፦ ሁለት ወር የለፋህበትን አንዱ በሁለት ቀን ሊሰብርብህ ይችላል። ከዚያ በኋላ ቁልፉ የሚያስቸግረው የከፈለውን ብቻ ነው። ስፖር የተባለው ጌም በ2008 ሲወጣ አክቲቬት የሚደረገው (ኮምፒውተር ላይ ተመዝግቦ እንዲሠራ የሚፈቀደው) ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር። ገዢዎች ተናደው አማዞን ላይ በአንድ ኮከብ አጥለቀለቁት። ክራኩ ግን እንደ ጉድ ወረደ።

ጠያቂው፦ ታዲያ ዝም ብዬ ልዘረፍ? ጌም ዴቭ ታይኩን የተባለው፣ ተጫዋቹ የጌም ኩባንያ የሚመራበት ጌም በ2013 ሲወጣ ሠሪዎቹ ራሳቸው ክራክ የሚመስል ቅጂ ለቀው ቆጠሩ። በመጀመሪያው ቀን በተገዛው የተጫወቱት 214፣ በተሰረቀው 3104። ይሄ ኪሳራ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ደንበኛ አስተናጋጇ፦ 3104ቱ ክራኩን ቢያጡ ይገዙ ነበር ያለህ ማን ነው? (በነገራችን ላይ በዚያ ቅጂ የተጫዋቹን ኩባንያ የሚያከስረው የጌሞቹ መሰረቅ ነበር። አንዳንዶቹ ምን ባደርግ ይሻለኛል ብለው ጠየቁ እኮ!) እኔ ስልክ የማነሳ ሰው ነኝ። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ አዲስ የገዛ ደንበኛ ቁልፉ አልቀበል ሲለው ይደውላል። ደረሰኙን እያነበበ ሌባ አለመሆኑን ሲያስረዳኝ የማፍረው እኔ ነኝ። ክራክ የጫነው መቼ ይደውላል?

ጌም ሠሪው፦ ሁሉም ሶፍትዌር አንድ አይደለም። ትልቅ ጌም ብዙውን ጊዜ ዋናውን ገንዘብ የሚያገኘው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ዴኑቮ የተባለውን የጌም መቆለፊያ የሚጠቀሙትም እነዚያን ሳምንታት ለማትረፍ ነው። አንዳንዶቹ ቆይተው ራሳቸው ያወጡታል። ስለዚህ ቁልፍ አይረባም አልልም። ያንተ ሶፍትዌር ግን በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ደንበኛው በሚቀጥለው ዓመት ካልተመለሰ ቁልፉ አያመጣልህም።

ጠያቂው፦ እሱ እንኳ እውነት ነው። አምና ያላደሱት ጥቂት አይደሉም። ብዙዎቹ የሚጠይቁት ከኤክሴል በቀጥታ ማስገባት እንዲችሉ ነው። እሺ፣ ከሱ እጀምራለሁ። ቁልፉን ግን አላነሳም።

ፕሮግራመሩ፦ ማን አንሳ አለህ? ኢንተርኔት ሲቋረጥ የከፈለውን ሰው ሥራ እንዳይዘጋበት ብቻ አድርገው።