ክሩዝ ኮንትሮል አልይዝ አለኝ፤ ዛሬ ሌሊት መንገድ አለብኝ

ባለ አኮርዱ
ወገኖቼ፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ክሩዝ ኮንትሮሉ፣ ማለትም ነዳጅ መስጫውን ሳልረግጥ ፍጥነት የሚይዝልኝ ዕቃ፣ እምቢ አለ። ዛሬ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ወደ ኮሎምበስ ኦሃዮ ለሰርግ እንወጣለን። ሚዜ ነኝ፣ መቅረት የሚባል ነገር የለም። መሪው ላይ ያለውን ዋናውን ቁልፍ ስጫን ዳሽቦርዱ ላይ «ክሩዝ ሜይን» የሚለው መብራት ይበራል። ሃይዌይ ገብቼ 60 ማይል ላይ ማስያዣውን ስጫን ግን አይዝም። ደጋግሜ ሞከርኩት፣ ያው ነው። እስከ ትናንት ይሠራ ነበር። ባትሪውም ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት እየደከመብኝ ነው፣ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከሰርጉ ስመለስ እቀይረዋለሁ። ምን ላድርግ?

የሰፈር ልጅ
ሆንዳ አኮርድ መሆኑን ከስምህ ገመትን። የስንት ዓመት? ማኑዋል ነው አውቶማቲክ? ቼክ ኢንጂን በርቷል?

ባለ አኮርዱ
ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው። 2010፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ አውቶማቲክ። ቼክ ኢንጂን አልበራም። ሌላ ምንም መብራት የለም።

ናቲ ሲልቨር ስፕሪንግ
ፊውዝ ነው። ፊውዙን ቀይረው፣ ያልቃል።

ጋሽ መሐንዲስ
ልጆች፣ መጀመሪያ የዕቃውን ሥራ እንወቅ። ክሩዝ ኮንትሮልን ያሰበው ራልፍ ቲተር የሚባል የኢንዲያና መሐንዲስ ነው። ሰውዬው ከልጅነቱ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። ጠበቃው ሲነዳ፣ ወሬ ሲያወራ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ይጨምራል። መኪናው እየተንገጫገጨ ሰውየውን አስመረረው። ዓይነ ስውር ስለነበር ያንን መንገጫገጭ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ፓተንቱን በ1950 አገኘ። ክራይስለር ደግሞ በ1958 ኢምፔሪያል በሚለው መኪናው ላይ ገጠመው። በዚያ ዘመን የፍጥነት መለኪያው ገመድና የኤሌክትሪክ ሞተር ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ ራሱ ነው ነዳጅ መስጫውን የሚያዘው። ግን አንድ ነገር ያኔም አሁንም አልተለወጠም፤ ፍሬን ስትነካ ይለቃል። ይህ የደህንነቱ መሠረት ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «ፍሬን ተረግጧል» ብሎ ካመነ፣ ቁልፉን ሺህ ጊዜ ብትጫን አይዝልህም። ጥያቄው እንግዲህ እንዲህ ነው፤ እግርህ ፍሬን ላይ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ለምን እንደዚያ ያስባል?

የሰፈር ልጅ
ጋሼ፣ ታሪኩ ደስ ይላል። ልጁ ግን ሌሊት 10 ሰዓት ይወጣል 😀

የአራት ኪሎው ሾፌር
እኔ ግን አልገባኝም። ክሩዝ ኮንትሮል ለምን አስፈለገ? ዕድሜዬን ሙሉ በእግሬ ነው የነዳሁት። ሰው ክሩዝ አስይዞ እግሩን ሰብስቦ ይቀመጥና ያንቀላፋል። ሰርግ የሚሄድ ሰው ደግሞ እንቅልፍ አጥቶ ነው የሚነሳው። ባይሠራ ይሻልሃል ባይ ነኝ። ዝናብ ካለማ ጭራሽ እንዳትነካው። ውሃ ላይ ጎማው ሲንሳፈፍ ክሩዙ ፍጥነት ለመጠበቅ ነዳጅ ይሰጣል፣ መኪናው ይዞህ ይሄዳል።

ባለ አኮርዱ
ጋሼ፣ ስለ ዝናቡ ልክ ነዎት። እኔ ግን የቀኝ ጉልበቴን ኦፕሬሽን አድርጌአለሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ነዳጅ መስጫውን ስረግጥ ያብጣል። መንገዱ ከ6 ሰዓት በላይ ነው። ባለቤቴ ሃይዌይ አትነዳም። ለዚህ ነው የምለምነው።

የአራት ኪሎው ሾፌር
እሱን ቀድመህ ብትነግረኝ ኖሮ እንደዚያ አልልም ነበር። እግዚአብሔር ይማርህ። በል ወንድሞች እርዱት።

ሀና ቬጋስ
መሪው ላይ ያለው ክላክስ ይሠራል? የሬዲዮው ቁልፎችስ? ክላክሱ ከጠፋና የኤርባግ መብራት ከበራ፣ መሪው ውስጥ የሚጠቀለለው ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው። የእኔ ኮሮላ ላይ እንደዚያ ነበር የሆነው። እሱን ግን ቤት ውስጥ እንዳትነካው። ኤርባጉ በዚያው መንገድ ነው የሚያልፈው። ቶዮታ ባትሪ ተነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠበቅ አትንኩ ይላል። ለባለሙያ ነው የሚሰጠው።

ባለ አኮርዱ
ክላክሱ ይሠራል። ሬዲዮውም ይሠራል።

ናቲ ሲልቨር ስፕሪንግ
ፊውዙን አየኸው?

ኬቢ ዳላስ
ባትሪውን ንቀለውና 10 ደቂቃ ጠብቀህ መልሰው። ሪሴት ያደርጋል። ለሁሉም ነገር የሚሠራ መላ ነው።

ብሎንና ዳዶ
ኬቢ፣ ተው! ሆንዳ ላይ ባትሪ ከነቀለ ሬዲዮው ኮድ ይጠይቀዋል፤ ኮዱ ከሌለው እስከ ኮሎምበስ ያለ ዘፈን ነው የሚሄደው። ችግሩንም አይፈታውም።

ባለ አኮርዱ፣ ባትሪው «ሌላ ጉዳይ ነው» ያልከው ሌላ ጉዳይ አይመስለኝም። አሁኑኑ ውጣና መኪናውን አጥፋ፣ ቁልፉን አውጣ። ፍሬን ሳትነካ ከኋላ ሂድና የፍሬን መብራቶቹን ተመልከት። መስታወቱ ላይ ያለችውንም ሦስተኛዋን እይ። ከበሩ ነገሩን አገኘነው። ሌላም ልጠይቅህ፤ ፍሬን ሳትረግጥ ማርሹ ከፓርክ ይወጣል?

ናቲ ሲልቨር ስፕሪንግ
የፍሬን መብራት ፊውዝም አለ። እሱ ከተቃጠለ ክሩዝ አይዝም።

ብሎንና ዳዶ
ናቲ፣ ይህ እውነት ነው፣ ግን ያ ሲሆን መብራቱ ጭራሽ አይበራም። የእሱ በተቃራኒው ነው የሚመስለኝ። ይይና ይንገረን።

የሰፈር ልጅ
ሰርጉ ላይ መኪናውን ስታስጌጡት ከኋላ ቀይ መብራት አይጎድልበትም ማለት ነው 😂

ሙሌ አትላንታ
አምፖሎቹን ወደ ኤልኢዲ ቀይረሃል? አንዳንድ መኪኖች ላይ የፍሬን አምፖል ኤልኢዲ ሲደረግ ክሩዝ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ በአምፖሉ በኩል ነው ሽቦው ደህና መሆኑን የሚያየው። ኤልኢዲ ደግሞ ከድሮው አምፖል ጋር አንድ ዓይነት አይስብም።

ባለ አኮርዱ
ኤልኢዲ አልቀየርኩም።

ብሎንና ዳዶ ወንድሜ፣ ወጥቼ አየሁ። ሦስቱም በርተዋል! መኪናው ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ሆኖ። ከዚያ ቁልፉን መልሼ ስከፍት ማርሹም ፍሬን ሳልረግጥ ከፓርክ ወጣ። ምንድን ነው ይህ? ስንት ጊዜ እንዲህ እየነዳሁ ነበር ማለት ነው?

ብሎንና ዳዶ
እንግዲህ አዳምጠኝ። የፍሬን ፔዳሉ ክንድ ላይ፣ ወደ ላይ ገባ ብሎ፣ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቀዳዳዋን የምትደፍን የጣት ጥፍር የምታህል የላስቲክ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ነበረች። እግርህን ስታነሳ ፔዳሉ ይመለሳል፣ ያቺ ቁራጭ የፍሬን ስዊቹን ዘንግ ትገፋለች፣ መብራቱ ይጠፋል። ቁራጯ በሙቀትና በዕድሜ ትደርቅና ትሰባበራለች። ስትወድቅ የስዊቹ ዘንግ በባዶው ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። መኪናው ደግሞ ፍሬን እንደተረገጠ ይቆጥራል። መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ክሩዙ አይዝም። ሁሉም ከአንዲት ቁራጭ ነው። ሆንዳ፣ ሁንዳይ፣ ኪያ፣ ኒሳን ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ምንጣፉ ላይ የተፈረፈረ ፕላስቲክ አላየህም?

ባለ አኮርዱ
አረ በስመአብ! ባለፈው ሳምንት እግሬ ስር ሰማያዊ ፍርፋሪ ነበር። ባለቤቴ የልጆቹ መጫወቻ መስሏት ጠረገችው።

ብሎንና ዳዶ
እሱ ነው። ትናንት ሠርቶ ዛሬ እምቢ ያለውም ለዚህ ነው። ቁራጯ እየተሸራረፈች ስትሄድ ዘንጉን አንዳንዴ ትነካዋለች፣ አንዳንዴ ትስተዋለች።

አሁን ክሩዙን እርሳው። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ከኋላህ የሚመጣው ሰው መብራትህ ሁሌም በርቶ ስለሚያየው፣ የምር ፍሬን ስትይዝ አያውቅም። ሌሊት፣ ተራራማ መንገድ፣ ከኋላህ ጭነት መኪና። በዚህ ሁኔታ እንዳትወጣ።

ዕቃው ከ10 ዶላር በታች ነው። የሆንዳ ዕቃ ክፍል ግን አሁን ተዘግቷል። ሶማሌ ተራ ቅርብ ቢሆን ኖሮ አንዱ ከሱቁ ጓዳ አውጥቶ ይሰጥህ ነበር። ለዛሬ ሌሊት አጭር ብሎን፣ ዳዶና ሮንዴላ ፈልግ። የብሎኑ ጠፍጣፋ ራስ ወደ ስዊቹ ዘንግ ይዙር፣ በቀዳዳው አሳልፈው፣ በሌላ በኩል ሮንዴላ አድርገህ ዳዶውን አጥብቀው። ባትሪ መብራት ይዘህ በጀርባህ ተኛና ከስር ወደ ላይ ተመልከት፣ ወዲያው ታየዋለህ። ሲያልቅ መብራቱ መጥፋት አለበት። ስትረግጥ ይብራ፣ ስትለቅ ይጥፋ። ፔዳሉ ምንም ሳይነካ ወርዶ መመለሱን እጅህን ሰደህ አረጋግጥ።

ጋሽ መሐንዲስ
በዚህ ላይ ቅር አለኝ። ፍሬን ፔዳል ላይ ብሎን ማስገባት? ዳዶው ቢላላና ቢወድቅ፣ ፔዳሉ ስር ቢገባስ? የመጀመሪያው የፍሬን ሕግ ከፔዳሉ አካባቢ የሚወድቅ ነገር እንዳይኖር ነው። ሰርጉ ቢዘገይ ይዘግይ። ጠዋት ዕቃ ክፍሉ ሲከፈት ቁራጯን ገዝቶ ይሂድ።

ብሎንና ዳዶ
ጋሼ፣ ስጋትዎ ልክ ነው። ለዚህ ነው አጭር ብሎን፣ ራሱ የሚቆልፍ ዳዶ ያልኩት... ራሱ የሚቆልፍ አላልኩም፣ አሁን ልበል፤ ውስጡ ናይለን ያለበትን ዓይነት። እሱን ካላገኘ የጋሽ መሐንዲስን ምክር ይስማ። እኔም በብሎን አንድ ዓመት ይነዳ አላልኩም። ኮሎምበስ እንደደረሰ ዋናውን ይግዛ።

ሀና ቬጋስ
እኔ የጋሽ መሐንዲስ ወገን ነኝ። ዘመዶቹ ለሁለት ሰዓት መዘግየት ሰርጉን አይሰርዙትም። ደግሞ በጨለማ ከፔዳል ስር ተኝቶ የሚሠራ ሰው ጉልበቱ ኦፕሬሽን የተደረገ ነው!

ናቲ ሲልቨር ስፕሪንግ
ወንድሜ እኔ ሩቅ አይደለሁም። ዳዶና ብሎን ጋራዤ ውስጥ አለኝ፣ የናይለኑም አይጠፋም። አድራሻህን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ፊውዙንም በዚያው አየዋለሁ።

ባለ አኮርዱ
ናቲ እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ጽፌልሃለሁ። እስክትመጣ የባትሪውን ነገር ምን ላድርገው?

ብሎንና ዳዶ
ሞተሩን አስነሳና ትንሽ ይሥራ። ፔዳሉ እስኪስተካከል የፍሬን መብራቱን ፊውዝ ካወጣኸው ባትሪህ አይበላም። ግን ፊውዙ ወጥቶ እንዳትነዳ፤ ያኔ ጭራሽ የፍሬን መብራት የለህም። ጀምፐር ኬብልም ይዘህ ውጣ።

ሙሌ አትላንታ
የክሩዝ ወሬ ውስጥ ስለሆንን አሮጌ ፎርድ ያላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የክሩዝ ማጥፊያ ስዊቹ የፍሬን ዘይት እያፈሰሰ፣ መኪናው ቆሞም ሞተሩ ጠፍቶም እሳት ያስነሳ ነበር። ፎርድ ከ1999 እስከ 2009 በተከታታይ ከ14 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ጠርቷል። የድሮ ፒክአፕ ወይም ቫን የገዛችሁ፣ በመኪናው ቁጥር ያልተሠራ ጥሪ እንዳለበት አጣሩ። ጥገናው ነጻ ነው።

እህት ከዴንቨር
ይቅርታ በወሬያችሁ መሃል ገባሁ። እኔ ሱባሩ ፎረስተር ነው የምነዳው። ትናንት ነዳጅ ከሞላሁ በኋላ ቼክ ኢንጂን በራ፣ የክሩዙ መብራት ደግሞ ብልጭ ድርግም ይላል። ክሩዝ አይዝም። እኔም የፍሬን ቁራጭ ነው?

ብሎንና ዳዶ
አይደለም እህቴ። ሱባሩ ቼክ ኢንጂን ሲበራ ክሩዙን ሆን ብሎ ይዘጋዋል። የነዳጁን ክዳን ክፈቺና እንደገና ክሊክ እስኪል አጥብቂው። የላስቲክ ቀለበቱ ተሰንጥቆ እንደሆነም እዪው።

እህት ከዴንቨር
ላልቶ ነበር! አጠበቅኩት። መብራቱ ግን አሁንም አልጠፋም።

ብሎንና ዳዶ
ወዲያው አይጠፋም። ኮምፒውተሩ ነዳጅ ታንኩን ደግሞ ሲፈትሽ ነው የሚያጠፋው፤ ጥቂት ቀን ንጂው። ካልጠፋ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አስነብቢ፣ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮች በነጻ ያነቡልሻል። ኮዱን እዚህ ጻፊው፣ አብረን እናየዋለን።

የሰፈር ልጅ
ባለ አኮርዱ፣ ናቲ መጣ? መብራቱ ጠፋ?