ከነጭ ወይን ጠጅ ጠርሙስ ሥር የተገኘ ፍርፋሪ

ጥያቄ፦
አንድ አነስተኛ ጠማቂ ያዘጋጀውን ነጭ ወይን ጠጅ ከማቀዝቀዣ እንዳወጣሁ ከፍቼ ስቀምሰው ሽታው የደከመ፣ ጣዕሙም ምላስ የሚቆነጥጥ ጎምዛዛ ሆኖ አገኘሁት። ቡሹን ገልብጬ ስመለከት ወይኑ ይነካው በነበረው ጫፍ ላይ ስኳር የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ተጣብቀዋል፤ ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲልም ያው ዓይነት ፍርፋሪ ከሥሩ ወረደ። በጣቴ ስዳስሰው እንደ አሸዋ ይሻክራል። የገረመኝ ግን ጠረጴዛ ላይ ረስቼው ግማሽ ሰዓት ያህል የቆየው ብርጭቆ ደስ የሚል መዓዛ ማውጣቱ ነው። ወይኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ 1፦
ፍርፋሪው ስኳርም የብርጭቆ ስባሪም አይደለም። በወይን ፍሬው ውስጥ ያለው ታርታሪክ አሲድ ከፖታሲየም ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ጨው ነው፤ ወይን ጠጅ ሲቀዘቅዝ ይህን ጨው አሟሙቶ የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ ትርፉ ጠጥሮ ይዘቅጣል። ትልልቅ ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ወይኑን ወደ ጠርሙስ ከማስገባታቸው በፊት በረዶ ሊሆን እስኪቃረብ ለቀናት አቀዝቅዘው ጨውን አስቀድመው ያስወግዱታል፤ አነስተኛ ጠማቂ ግን መሣሪያው ስለሌለው ወይም ወይኑን መነካካት ስለማይወድ ሊተወው ይችላል። ጉዳት የለውም። ጠርሙሱን አቁመው ያቆዩትና ሳያናውጡ ይቅዱ።

መልስ 2፦
ስለ ፍርፋሪው ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ የጣዕሙ ነገር ግን ከቅዝቃዜው የመጣ ይመስለኛል። የቤት ማቀዝቀዣ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ ለአብዛኛው ነጭ ወይን ጠጅ የሚመከረው ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ነው። ከዚያ በታች መዓዛ ሰጪዎቹ ንጥረ ነገሮች በቀላሉ ስለማይተኑ አፍንጫ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ጣፋጭነቱም ስለሚደበዝዝ ጉምዛዜው ብቻውን ይቀራል። ብርጭቆውን ከሲሶ በላይ አይሙሉት፤ ለማሽተት እንዲመች ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል።

መልስ 3፦
እኔ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ ቅዝቃዜ መዓዛን ብቻ ሳይሆን ጉድለትንም ይሸፍናል። ቡሹ የበከለው ወይን ሞቅ ሲል የረጠበ ካርቶን ሽታው ይብሳል እንጂ አይሻሻልም፤ አየር የገባበትም ቀለሙ ወደ ቡናማ ያደላል፣ የተቀጠቀጠ ፖም ይሸታል። የእርስዎ እየቆየ ካማረ ከሁለቱም አይደለም። ሞቅ ብሎም ጉምዛዜው ካለቀቀው፣ ጠማቂው በወይኑ ውስጥ ያለው ጎምዛዛው ማሊክ አሲድ ወደ ለስላሳው ላክቲክ አሲድ እንዳይለወጥ ሆን ብሎ አግዶት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ የጠማቂው ምርጫ ነው።

ጠያቂው፦
ሁለተኛውን ጠርሙስ ከማቀዝቀዣ ካወጣሁ ከ20 ደቂቃ በኋላ ከፈትኩት። ጉምዛዜው አሁንም አለ፤ ነገር ግን ከሎሚ ልጣጭ መዓዛ ጋር ስለመጣ አላስከፋኝም። ፍርፋሪውም ከመጨረሻው ሁለት ጣት ወይን ጋር ከጠርሙሱ ሥር ቀርቷል።