ሜተድ ስንጠራ፦ አርጉመንቱ በስሙ ወይስ በተራው?

ከፋቹ (ውይይቱን የጀመረው)፦ ያ ጀመዓ፣ እስቲ ፍረዱን። እዚህ ጅማ፣ ሂርማታ አካባቢ ላለ ቡና ተረካቢ ኮትሊን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፕሮግራም እየሠራን ነው። ሜተድ (በስሙ ጠርተን የምናሠራው የኮድ ክፍል) ስንጠራ ቁጥርና ቡሊያን (እውነት ወይም ሐሰት) ከተደረደረ የአርጉመንቱ፣ ማለትም የምንሰጠው መረጃ፣ ስም ግዴታ ይጻፍ እላለሁ። ጓደኞቼ «በተራው ይበቃል» ባዮች ናቸው። ይቺን እዩ፦

መዝግብ(60፣ 350፣ እውነት፣ ሐሰት)

የቱ ኪሎ፣ የቱ ዋጋ ነው? እውነትና ሐሰቱስ የምን? አሁን ደግሞ ይቺን፦

መዝግብ(ኪሎ = 60፣ ዋጋ = 350፣ የታጠበ = እውነት፣ ተከፍሏል = ሐሰት)

የጃቫው፦ አቦ አታካብድ! ኤዲተሩ ስሙን በግራጫ ከጎኑ ያሳይህ የለ? ጃቫ እስከ ዛሬ ይሄ ነገር የለውም፤ ማን ሞተ?

ከፋቹ፦ ሁለቱን ቁጥሮች ብታቀያይራቸውስ? ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመውና ስህተት የሚያሳየው) ዝም ነው የሚለው። ጉዱ ደግሞ 60 ኪሎ በ350ም፣ 350 ኪሎ በ60ም ያው 21,000 ብር ነው። ሒሳቡ ይገጥማል። መጋዘን ላይ ግን የሌለ 290 ኪሎ ቡና ይመዘገባል። ማን ይነቃል?

የጃቫው፦ እሱ የስም ሳይሆን የታይፕ (የመረጃ ዓይነት) ችግር ነው። ኪሎን አንድ ታይፕ፣ ብርን ሌላ ታይፕ አድርገህ ለያቸው። ስታቀያይር ኮምፓይለሩ ራሱ ይጮኻል።

ከፋቹ፦ ለቁጥሮቹ ይሁን። ለሁለቱ ቡሊያንም ታይፕ ልፍጠር?

የፒኤችፒዋ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በስም ከጠራችሁ ስሙ ውል ሆነ ማለት ነው። ፒኤችፒ በ2020 እ.ኤ.አ. በ8.0 እትሙ በስም መጥራትን ሲያስገባ ያጨቃጨቀው ይሄው ነው። የላይብረሪው (ሌሎች የሚጠቀሙበት የተዘጋጀ ኮድ) ባለቤት «ዋጋ»ን «የኪሎ ዋጋ» ቢለው በስም የጠራው ኮድ ሁሉ ይሰበራል። ላራቬል የሚባለው የፒኤችፒ ኮድ ስብስብ እኮ የአርጉመንት ስም ልቀይር እችላለሁ ብሎ ሰነዱ ላይ አስጠንቅቋል።

የፓይተኑ፦ ፓይተን ላይ የሜተዱ ደራሲ ይወስናል። በአርጉመንቶቹ መሃል ኮከብ (*) ካስገባ ከኮከቡ በኋላ ያሉት በስም ብቻ ይጠራሉ። ከ3.8 እትም ወዲህ ስላሽም (/) አለ፤ ከስላሹ በፊት ያሉት በተራ ብቻ ናቸው። ጠሪው ምን ያጨቃጭቀዋል?

የፒኤችፒዋ፦ ኮትሊን ላይ ኮከቡን ከየት ያምጡት ታዲያ?

የጃቫው፦ ሌላም አለ። ኮትሊን በጃቫ የተጻፈ ሜተድ በስም አያስጠራም። የምትጠቀሙት ላይብረሪ ግማሹ ጃቫ ከሆነ ሕጉ ገና በመጀመሪያው ቀን ይፈርሳል።

ከፋቹ፦ ለእነሱ በኮትሊን መጠቅለያ ፈንክሽን (የጃቫውን ሜተድ በውስጡ የሚጠራ) እንጽፋለን፣ አለቀ።

የጃቫው፦ ለእያንዳንዱ ሜተድ? በል ጀምር። የጥቅምት ለቀማ ከመድረሱ በፊት ከጨረስክ ቡናው በኔ ነው።