ከ8 ዓመት በኋላ በተጠባባቂነት ልመለስ ነው፤ የድሮውን የጉልበት ጉዳቴን ልናገር ወይስ ልተወው?

ሬዲዮ ሰው፦

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። በመደበኛው ሠራዊት 6 ዓመት አገልግያለሁ። ሙያዬ መገናኛ ነበር፣ አስር አለቃ ሆኜ ኮንትራቴን ጨርሼ በሰላም ተሰናበትኩ። ከወጣሁ 8 ዓመት ሞላኝ። አሁን 35 ዓመቴ ነው፣ ባለትዳር ነኝ፣ የ4 ዓመት ልጅ አለችን፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ሥራዬን አልጠላውም። ግን ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ዓይኔ ይከተለዋል፣ መጀመሪያ የማየው ደግሞ ጫማውን እንዴት እንዳሰረ ነው። በጊዜ ብዛት ይተወኛል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ እየባሰ ሄደ።

ለተጠባባቂ ጦር ላመለክት ነው። ቅጹን ግማሽ ድረስ ሞልቼዋለሁ። የቆምኩት የጤና ገጹ ላይ ነው። ከዚህ በፊት የመገጣጠሚያ ጉዳት ደርሶብዎት ያውቃል ወይ ይላል፣ ከጎኑ "አዎ" እና "አይ" የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። በአገልግሎት ላይ እያለሁ ከጭነት መኪና ስዘል ቀኝ ጉልበቴ ዞሮብኝ ነበር። ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም ተባለ፣ ከሦስት ሳምንት እረፍት በኋላ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አሁን ደህና ነው፣ ደረጃ በፍጥነት ስወርድ ብቻ አንዳንዴ ወጋ ያደርገኛል። አንድ የድሮ ጓዴ "አይ በልና እለፍ፣ በዚህ ብቻ ይጥሉሃል" አለኝ። እስክሪብቶዬን ይዤ ሁለት ምሽት እዚያ ገጽ ላይ ተቀምጫለሁ።

ሌላው ጥያቄዬ ሰውነቴን እንዴት ነው የምመልሰው? ማዕረጌስ ይጠበቅልኛል? ተመልሳችሁ የገባችሁ ካላችሁ እንደ ወንድም ንገሩኝ። ለባለቤቴ እያሰብኩበት እንደሆነ ነግሬያታለሁ፣ ቅጹን እንደጀመርኩ ግን ገና አልነገርኳትም።

አሠልጣኙ፦

ወንድሜ፣ ሰላም ነው? ከጉልበቱ ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ነው። "አዎ" የሚለውን ምልክት አድርግ።

ተመላሾችን ማሠልጠን ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፣ የማልረሳው አንድ ልጅ አለ። ጎበዝ ነው፣ ሥርዓት ያለው፣ ሁሉም የሚወደው። የወገብ ጉዳት ነበረበት፣ አልተናገረም። የመስክ ልምምድ በገባን በሦስተኛው ቀን ሌሊት፣ ከነትጥቁ ቁልቁለት ሲወርድ ወገቡ ያዘው። መቆም አልቻለም። አራት ሰው በቃሬዛ ተሸከመው፣ ሁለት ሰው ትጥቁንና መሣሪያውን ተካፈለ፣ ማለትም አንድ ሰው ዝም በማለቱ ከአንድ ጓድ ሰባት ሰው ከልምምዱ ወጣ። ያ ሌሊት ልምምድ ነበር። እውነተኛ ግዳጅ ቢሆንስ? ከዚያ በኋላ ሕክምና ሲጠይቅ የድሮ ፋይሉ ተገኘ። ነገሩ የወገብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ሐሰተኛ መረጃ የመስጠት ጉዳይ ሆነ። ወገቡ ይድን ነበር፣ ስሙ ግን አልዳነም። ያንተ ጉዳት ደግሞ የደረሰው በአገልግሎት ላይ ነው፣ ፋይልህ ውስጥ አለ። የምትደብቀው ራሳቸው ከጻፉት ሰዎች ነው።

ስለ ሰውነት ስትጠይቀኝ ደግሞ ይህን አስብ። ትንፋሽ በሳምንታት ይመለሳል። ጡንቻም የድሮውን አይረሳም፣ ስፖርት ሠርቶ ከማያውቅ ሰው ይልቅ ላንተ ቶሎ ይመጣል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በስድስተኛው ሳምንት ሳንባህ "አሁንማ እችላለሁ" ይልሃል፣ የቅልጥምህ አጥንት ግን ገና ነው። ተመላሽ የሚጎዳው በዚህ ክፍተት ነው፣ አእምሮው የ25 ዓመቱን ፍጥነት ያስታውሳላ። የቅልጥም ሕመም ይጀምረዋል፣ ችላ ብሎ ሲቀጥል አጥንቱ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ወራት ቁጭ ነው።

መጀመሪያ ያለህበትን እወቅ። ዶክተር ኬኔት ኩፐር ለአሜሪካ አየር ኃይል ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቀው የ12 ደቂቃ ሩጫ አለ፣ በ12 ደቂቃ ውስጥ የምትችለውን ያህል ርቀት ትሮጣለህ፣ አለቀ። ሰዓትና ሜዳ ብቻ ነው የሚፈልገው። 2,400 ሜትር አካባቢ ከደረስክ በዕድሜህ ጥሩ መነሻ አለህ። ካልደረስክም አትደንግጥ፣ እየሮጥክ እየተራመድክ ጀምር፣ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን። በየወሩ መልሰህ ለካ።

ጭነቱን ለመጨረሻ አቆየው። ቢያንስ ሁለት ወር ያለ ጭነት ከሠራህ በኋላ 10 ኪሎ ይዘህ በሳምንት አንድ ቀን ተራመድ። ርቀትና ክብደት በአንድ ሳምንት አብረህ አትጨምር። በጉዞ ላይ የሚሸከሙት ጭነት ከሰውነት ክብደት ሲሶ አካባቢ እንዳያልፍ የሚባል የቆየ መመሪያ አለ፣ በተግባር ብዙ ጊዜ ይታለፋል፣ አንተ ግን ለብቻህ በምትሠራው ልምምድ የምታልፍበት ምክንያት የለህም። ጭነት ተሸክመህ ደግሞ አትሩጥ፣ በተለይ ቁልቁለት። ያ ጉልበትህ ደረጃ ስትወርድ የሚወጋህ በነጻ የተሰጠህ ማስጠንቀቂያ ነው።

በአምስተኛው ኪሎ ሜትር፦

አሠልጣኙ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፣ እኔ የራሴን ልጨምር። ልጅ ወልጄ ከ5 ዓመት በኋላ ነው በተጠባባቂነት የተመለስኩት። ሙያዬ ሎጂስቲክስ ነው።

መጀመሪያ ጫማህን ተመልከት። የእኔ ከስክስ አምስት ዓመት አልጋ ሥር ነበር። ቀለም ቀብቼ፣ አዲስ ክር አስገብቼ፣ አዲስ መስሎኝ ለልምምድ ወጣሁ። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የግራው ሶል ተረከዙ ጋ ለቀቀ፣ ዘወር ብዬ ሳይ ከኋላዬ መንገዱ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ተዘርግቷል። በጣቴ ስጫነው እንደ አፈር ይፈረፈራል። በኋላ እንዳወቅኩት ሶሉ ፖሊዩሬቴን ከሚባል የፕላስቲክ ዓይነት የተሠራ ከሆነ ባይለበስም ከአየር እርጥበት እየሳበ ውስጡ ይበሰብሳል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው እንዲያውም ይብሳል። በማስቲሽ አይድንም። አዲስ ግዛና ቀስ እያልክ እግርህን አስለምደው።

ስለ እጅ ደግሞ ልንገርህ። የመጀመሪያ ቀን መሣሪያ ሲሰጡኝ ልቤ ይመታ ነበር። ዓይኔን ሳላሳርፍ ፈታሁት፣ ገጠምኩት፣ እጄ ራሱ ያውቅ ነበር። እንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም። ከሰዓት በኋላ ግን የንብረት መመዝገቢያ ሲስተሙ ላይ ሲያስቀምጡኝ ምንም አላውቅም። ሁሉም ተቀይሯል። ልዩነቱ ይህ ነው፣ ሰውነት በድግግሞሽ የያዘው ይቀራል፣ ቅደም ተከተል ያለው ግን ቶሎ ይጠፋል። የልብ ማሸት ችሎታ እንኳ ካልተለማመዱት በወራት ውስጥ ይደክማል። አንተ የመገናኛ ሰው ስለሆንክ ይህ ባንተ ላይ ይብሳል፣ የምታውቀው ሬዲዮ ሙዚየም ገብቶ ሊጠብቅህ ይችላል። "አውቀዋለሁ" ብለህ አትግባ። ጠይቅ። እኔን ሲስተሙን ያስተማረችኝ የ22 ዓመት ልጅ ናት፣ በማዕረግ ከኔ በታች፣ በእውቀት ከኔ በላይ። አጠገቧ ተቀምጬ ማስታወሻ ያዝኩ፣ ያን ዕለት ነው ቤቴ የገባሁ የመሰለኝ።

ጉልበቱን በተመለከተ አንድ ነገር ላይ ብቻ ከአሠልጣኙ እለያለሁ። "አዎ" በል፣ ግን ባዶ እጅህን አትሂድ። እኔ ያለ ማስረጃ "አዎ" ብዬ፣ አንድ ቢሮ ፋይሌን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እያዞረ 6 ወር አቆየኝ። ቀድመህ የራስህ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ጉልበትህ በጭነት ይፈተሽ፣ ውጤቱን በጽሑፍ ያዝ። የድሮውን ኤምአርአይም ካለህ አያይዘው። የድሮ ጉዳት አለኝ ብቻ ከማለት፣ ጉዳቱ ይህ ነበር ዛሬ ያለው ደግሞ ይህ ነው ብሎ ወረቀት ማቅረብ ብዙ ይለያል። መስማትህንም በዚያው አስለካ፣ ሬዲዮ ጆሮ ላይ የዋለ ሰው ነህ።

ማዕረግ የሚወሰነው በቆየህበት ጊዜና ክፍት ቦታ ባለው ነው። አንዳንዱ እንዳለ ይመለሳል፣ አንዳንዱ አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል፣ ሙያው ተዘግቶ ሌላ እንዲማር የሚደረግም አለ። የስንብት ወረቀትህን፣ የኮርስ ምስክር ወረቀቶችህን፣ የድሮ አገልግሎትህ ለጡረታ ይቆጠር እንደሆነ የሚገልጽ መልስ፣ ሁሉንም ከመፈረምህ በፊት በጽሑፍ ተቀበል። በቃል የተነገረህ ነገር የነገረህ ሰው ሲዛወር አብሮ ይዛወራል።

አንድ ዓመት ተመልሼ የወጣሁ፦

ሁሉም ግባ ግባ እያለህ ስለሆነ እኔ ሌላውን ልንገርህ። ከ10 ዓመት በኋላ ተመለስኩ፣ በዓመቱ ለቀቅኩ። ሰውነቴ አልከዳኝም፣ ፈተናውን በደንብ ነው ያለፍኩት። የናፈቅኩት ጓዶቼን ነበር፣ እነሱ ደግሞ እዚያ አልነበሩም። ስሙ ያው ሻምበል ነው፣ ቁጥሩ ያው፣ ሰልፍ ላይ ግን ሰውን ሁሉ አላውቀውም። የመጀመሪያውን ማታ መኝታ ክፍል ውስጥ ሲስቁ ሰማሁ፣ የሚስቁበትን ነገር አላውቀውም። ማንም አልበደለኝም፣ አክብረውኛል። ግን እኔ ፍለጋ የሄድኩት የ24 ዓመት ልጅ የነበርኩበትን ጊዜ ነው።

ተጠባባቂነት ደግሞ ሌላ ነገር አለው። በመደበኛው ከጓዶችህ ጋር ቀንና ሌሊት ነህ፣ ሳትፈልግም ትዋደዳለህ። እዚህ አንድ ቅዳሜና እሁድ ተገናኝተህ እሁድ ማታ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ወንበር ላይ ነህ፣ እጅህ ላይ የመሣሪያ ዘይት ሽታው አለ፣ አጠገብህ ያለው ሰው ግን የት እንደዋልክ አያውቅም። ለዚህ ነው የምልህ፣ ሥራውን ራሱን ከወደድከው ሂድ። አዲስ ሰው ማወቅ ከፈለግህ ሂድ። የድሮውን ብቻ ከሆነ ለድሮ ጓዶችህ ደውልላቸው። እኔ አሁን በየሁለት ወሩ እንገናኛለን፣ ከጠበቅኩት በላይ ረድቶኛል።

የተጠባባቂ ባለቤት፦

ወንድሜ፣ እኔ ወታደር አይደለሁም፣ ባሌ ነው። ጽሑፍህን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ቅጹን ግማሽ ሞልተህ ለሚስትህ አልነገርካትም። እባክህን ዛሬ ንገራት።

ባሌ እኔን የነገረኝ ከተቀበሉት በኋላ ነበር። መከልከል አልፈልግም ነበር፣ ያለ እኔ መወሰኑ ነው ለረጅም ጊዜ ሆዴ ውስጥ የቀረው። "በወር አንድ ቅዳሜና እሁድ ነው" አለኝ። ቅዳሜና እሁዱን ማን አየው! ሐሙስ ማታ ዕቃ ማዘጋጀት አለ፣ ማክሰኞ ስልክ አለ፣ በየማለዳው ሩጫ አለ፣ በዓመት አንዴ ሁለት ሳምንት ይጠፋል፣ ልጃችን አንዴ ታማ ያደረችው ልክ ያኔ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥሪ የሚባል ነገር አለ። ተጠባባቂ ማለት ሲጠሩህ መሄድ ማለት ነው፣ ቃሉ ራሱ ነው የሚለው። እሷ ይህን በደንብ አስባበት "እሺ" ማለት አለባት።

አብራችሁ ተቀመጡና በቁም ነገር ተነጋገሩ። ብትጠራ ደመወዝህ ምን ይሆናል፣ አሠሪህ ቦታህን ይጠብቅልሃል ወይ፣ ሕጉ ምን ይላል፣ ልጅቷን ማን ያደርሳታል፣ ኢንሹራንሳችሁ በግዳጅ ላይ የሚደርስን ጉዳት ይሸፍናል ወይ። እኛ ይህን ያወራነው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ልምምድ በኩርፊያ ነበር የሚጀምረው። አሁን ሲሄድ ቦርሳውን አብሬው ነው የማስተካክለው። ካልሲውን ሁልጊዜ አንድ ጥንድ ያሳንሳል፣ እኔ ነኝ የምጨምርለት።

አሠልጣኙ፦

እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ። ይህን እኛ አናስተምርም፣ ማስተማር ነበረብን።

"ተመልሼ የወጣሁ" ላለው ወንድሜም፣ ያልከው ትክክል ነው፣ የብዙ ሰው ታሪክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ አዲሶቹ ልጆች የድሮ ሰው ይፈልጋሉ። ሌሊት በዝናብ ውስጥ ተስፋ ሲቆርጡ፣ አይቶት የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ተረጋግቶ ገመዱን ሲያስር ማየት ለነሱ ትልቅ ነገር ነው። ያንን ለመስጠት የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ሬዲዮ ሰው፣ አንተ ግን አዲሱን ለመማር ዝግጁ ሁን፣ ያም የምታውቀውን መተውን ይጨምራል። ከብዙ ዓመት በፊት የወጡ ሰዎች ሲመጡ ቱርኒኬት፣ ማለትም ደም ለማቆም እጅ ወይም እግር ላይ ጠብቆ የሚታሰረው ማሰሪያ፣ የመጨረሻ አማራጭ ነው ብለው ይከራከሩኛል፣ እንደዚያ ነበራ የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ የጦር ሜዳ ሕክምና መመሪያ እንደ አዲስ ተጻፈ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ከባድ የእጅና የእግር መድማት ሲኖር መጀመሪያ የሚታሰረው እሱ ሆነ። የድሮውን ይዞ የሚከራከር ሰው ደም እየፈሰሰ ደቂቃ ያባክናል።

ሬዲዮ ሰው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አንድ በአንድ ነው ያነበብኩት፣ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ።

ትናንት ማታ ልጃችን ከተኛች በኋላ ቅጹን አውጥቼ ለባለቤቴ ሰጠኋት። ረጅም ሰዓት ዝም ብላ አነበበች። የጤና ገጹ ላይ ስትደርስ "ይሄ ለምን ባዶ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። እስክሪብቶ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው፣ "አዎ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ስለ ጥሪው ያነሳችው ጥያቄ አለ፣ እሱን ገና አልጨረስነውም፣ ለእሁድ ቀጠሮ ይዘናል። እስክንጨርስ ቅጹ አይላክም።

ዛሬ ጠዋት 12 ደቂቃውን ሮጥኩ። 1,920 ሜትር። ጉልበቴ አልወጋኝም፣ ሳንባዬ ግን አቃጥሎኛል። የሐኪም ቀጠሮዬ ረቡዕ ነው፣ የድሮውን ኤምአርአይ ከአንድ ካርቶን ውስጥ አገኘሁት። ከስክሱም እዚያው ነበር። ተረከዙን በጣቴ ተጫንኩት፣ ተፈረፈረ።